ጆን ፖስቴል፡ ደብዳቤውን ከፖስታው የለየው ሰው

አባቴ ጉንደ ወይን መምህር ነበሩ። የከተማዋ ደብዳቤ ጸሐፊም ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የመጡ እናቶችና አባቶች ደጃችን ካለው አግዳሚ ላይ ተራ ይዘው ይቀመጡ ነበር። አዲስ አበባ ሥራ ለገባ ልጅ፣ ውትድርና ለሄደ ወንድም፣ ሞጣ ለተዳረች እህት የሚላከውን ቃል እነሱ ይናገራሉ፣ አባቴ ይጽፋሉ። የእኔ ድርሻ ወረቀቱን አጥፎ ፖስታ ውስጥ መክተትና አፉን በምራቄ አርጥቤ መለጠፍ ነበር።

ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት፣ ዛሬ ግን እንጀራዬ የሆነ አንድ ነገር እዚያ አግዳሚ ላይ ነበር። እናቲቱ የሚያስቡት ስለ ልጃቸው ብቻ ነው፤ ሰላምታው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ቀኑ በየትኛው ጥግ እንደሚጻፍ አይጨነቁም። እሱ የአባቴ ሥራ ነው። አባቴ በበኩላቸው የተቀባዩን ስምና ሰፈር ፖስታው ላይ ካሰፈሩ በኋላ ለአውቶቡሱ ረዳት ይሰጣሉ እንጂ ጎማው ደህና መሆኑን አይመረምሩም። ረዳቱ የሚያነበው የፖስታውን ፊት ብቻ ነው፤ ውስጡ የሠርግ ጥሪ ይሁን መርዶ አያውቅም፣ ማወቅም አይገባውም። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን፣ ቢቸናንና ደጀንን አልፎ አባይ በረሃ ሲወርድ ደግሞ መንገዱ በላዩ የሚያልፈው ደብዳቤ ይሁን ጤፍ አይጠይቅም። አዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ በተቃራኒው ይፈታል። ረዳቱ ፖስታውን ያስረክባል፣ ልጁ ፖስታውን ይቀዳል፣ ሰላምታውን ያልፋል፣ በመጨረሻ የእናቱን ድምፅ ያገኛል።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ የሚታወቀው አንዱ ነገር ሲለወጥ ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው አዲሱ የአባይ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር ከጉንደ ወይን ደብዳቤ የሚልክ ሰው አጻጻፉን መለወጥ አላስፈለገውም። ድልድዩ ተለወጠ፣ ደብዳቤው ያው ነው። የኮምፒውተር ኔትወርክ ባለሙያዎች ይህን በደርብ የተከፈለ አሠራር ይሉታል። እያንዳንዱ ደርብ ከበታቹ ያለውን ያዝዛል፣ ከበላዩ ያለውን ያገለግላል፣ በሌላው ሥራ ግን እጁን አያስገባም።

ዛሬ ላወራችሁ የተነሣሁት ግን ስለ አባቴ አይደለም። ይህ አሠራር ኢንተርኔት ውስጥ እንዲጸና በጊዜው ስለጮኸ አንድ አሜሪካዊ ነው። ስለ ኢንተርኔት መፈጠር ሲወራ የቪንት ሰርፍና የቦብ ካን፣ የቲም በርነርስ ሊ ስም ይነሣል። የጆናታን ፖስቴል ስም ግን ከሙያው ሰዎች ውጭ እምብዛም አይሰማም። እኔም ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ለቀልድ ያወጡለት ቅጽል መስሎኝ ነበር። ዕድሜውን መልእክት እንዴት እንደሚጓዝ በማሰብ ለጨረሰ ሰው ከፖስቴል የበለጠ የሚስማማ ስም ከየት ይገኛል?

ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1943 በካሊፎርኒያዋ አልታዲና ተወለደ። ሁለተኛ ደረጃን የተማረው ቫን ናይስ በሚባል የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤት ነው። በኋላ የኢንተርኔት አባቶች የተባሉት ቪንት ሰርፍና ስቲቭ ክሮከርም የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ከዚያ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1966 የመጀመሪያ፣ በ1968 ሁለተኛ፣ በ1974 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ፂሙን ለቅቆ የሚያሳድግ፣ ከነጠላ ጫማ የማይለይ፣ ሲመቸው ጓዙን በጀርባው አዝሎ ተራራ ለተራራ የሚጓዝ ሰው ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ እንደነበረ የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ።

ተማሪ ሳለ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ ታሪካዊ ነገር ሆነ። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ገንዘብ አውጥቶ የሚያሠራው አርፓኔት የተባለ ኔትወርክ የመጀመሪያ ጣቢያ እዚያ ተተከለ። ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969) ማታ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ ወዳለ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ሊላክ የታሰበው ወደ ማሽኑ የመግቢያ ቃል ነበር፤ ሁለት ፊደል እንደሄደ ግን የወዲያኛው ኮምፒውተር ቆመ። ፖስቴል በዚህ ሥራ ከተሰማሩት ወጣቶች አንዱ ነበር።

እነዚህ ወጣቶች የሚመራቸው ትልቅ ሰው እስኪመጣ እየጠበቁ በመካከላቸው የሚስማሙበትን ነገር በጽሑፍ ማስቀመጥ ጀመሩ። በ1969 የመጀመሪያውን የጻፈው ክሮከር ነው። ሥልጣን የሌላቸው ልጆች ሕግ አወጡ እንዳይባሉ ጽሑፎቹን ለአስተያየት የቀረቡ ሲሉ ሰየሟቸው፤ በእንግሊዝኛው ምህፃር አርኤፍሲ ይባላሉ። ያ የትሕትና ስም ዛሬም አልተለወጠም። የዓለም ኢንተርኔት የሚመራባቸው ሰነዶች እስከ ዛሬ አስተያየት ይሰጥባቸው ዘንድ የቀረቡ ናቸው። ፖስቴል የእነዚህ ሰነዶች አርታኢ ሆነ፤ እስኪሞትም ሥራውን አልለቀቀም። በእሱ ዘመን ከ2 ሺህ በላይ ሰነዶች ወጡ፤ ከ200 በላይ በሆኑት ላይ የራሱ ስም በጸሐፊነት ሰፍሯል።

ሌላው ሥራው ቁጥር መመዝገብ ነበር። ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ የትኛው ቁጥር ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ አስቀድመው መስማማት አለባቸው። ሁለት ሰዎች አንዱን ቁጥር ለሁለት የተለያየ ነገር ከያዙት መደበላለቅ ይመጣል። ፖስቴል በ1972 ይህን የሚያድል አንድ ሰው ይኑር የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሰውዬውም እሱ ራሱ ሆነ። መጀመሪያ በተራ ደብተር ላይ ነበር የሚመዘግበው። ደሞዝ የሚያስጨምር፣ ሹመት የሚያስገኝ ሥራ አልነበረም። የእድር ጸሐፊነትን ያየ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል፤ ማንም አይመኘውም፣ መዝገቡ የተምታታ ቀን ግን ሁሉም ይጮኻል።

በ1977 ፖስቴል የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያስተዳድረው የመረጃ ሳይንስ ተቋም ተዛወረ፤ ቀሪ ዕድሜውንም እዚያ ሠራ። ለዛሬው ጽሑፌ ምክንያት የሆነው ነገር የደረሰው በዚያው ዓመት ነው።

ፕሮቶኮል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የቤተ መንግሥት ሥርዓት ነው፤ ማን ቀድሞ ይገባል፣ ማን የት ይቀመጣል። የኮምፒውተሩም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የማይተዋወቁ ሁለት ማሽኖች ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ የተባለው መድረሱን በምን እንደሚያረጋግጡ፣ ሲጨርሱ እንዴት እንደሚሰነባበቱ የሚወስን ስምምነት ነው። ሰርፍና ካን በ1974 ልዩ ልዩ ኔትወርኮችን የሚያገናኝ ቲሲፒ የተባለ ፕሮቶኮል ነድፈው ነበር። ይህ ፕሮቶኮል ሁሉን ቻይ ነበር። አድራሻውን ይይዛል፣ ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ ያሻግራል፣ የመልእክቱን ቁርጥራጮች በተራ ያሰልፋል፣ የጠፋውን እንደገና ያስልካል። ሁሉም በአንድ እጅ ነበር።

ነሐሴ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1977) ፖስቴል አንዲት አጭር ማስታወሻ ጽፎ ለባልደረቦቹ በተነ። የማስታወሻዋ ፍሬ ነገር ንድፋችን እየተበላሸ ነው፣ የደርብን መርህ ጥሰናል የሚል ነው። ቲሲፒ በሁለቱ ጫፎች ባሉ ኮምፒውተሮች መካከል ብቻ የሚሠራ ይሁን፤ መልእክቱን በየመንገዱ እየተቀባበሉ የማሻገሩ ሥራ ለብቻው ተነጥሎ ለሌላ ፕሮቶኮል ይሰጥ አለ። በዚያን ጊዜ ሥራው ብዙ ሄዷል፤ የተጻፈ ፕሮግራም አለ፣ የወጣ ገንዘብ አለ። እንዲህ ባለ ሰዓት መሠረቱ ተሳስቷል ብሎ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ በስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ አባቴ አግዳሚ እንመለስ። እናቲቱ አምስት ገጽ ካስጻፉ አባቴ በየገጹ ቁጥር ያደርጋሉ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ 4ኛው ገጽ ከጎደለበት ደብዳቤ ይጽፋል፤ አባቴም የዚያን ገጽ ግልባጭ ይልካሉ። ይህ በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ነው። አሁን ረዳቱ ቢቸና ላይ ፖስታውን ቀዶ ገጾቹን ይቁጠር፣ ደጀን ላይ የሚረከበውም እንደገና ይቁጠር ቢባል ምን ይሆናል? አውቶቡሱ ቆሞ ይውላል፣ የሰው ምስጢር አደባባይ ይወጣል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ድካሙ ከንቱ መሆኑ ነው። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቢቆጠርም ደብዳቤው ሙሉ ሆኖ መድረሱን ማረጋገጥ የሚችለው ተቀባዩ ብቻ ነው።

ሌላም ምክንያት ነበር። ዘግይቶ ከሚደርስ ጭራሽ ቢቀር የሚሻል መልእክት አለ። የፖስቴል ባልደረባ ዳኒ ኮኸን ድምፅን በኔትወርክ ስለመላክ ይመራመር ነበር። በስልክ ስታወሩ አንዲት ቃል ብትቆረጥ ሰውዬው ከሐረጉ ይረዳችኋል፤ የጠፋችው ቃል እስክትመጣ ንግግሩ ሁሉ ይቁም ቢባል ግን ወሬው ወሬ አይሆንም። ሁሉን በአንድ እጅ የያዘው ቲሲፒ ግን ሁሉንም መልእክት እንደ ውል ሰነድ አንድ በአንድ እየቆጠረ ካላስረከበ አይለቅም ነበር።

በ1978 ቲሲፒ ለሁለት ተከፈለ። ከታች አይፒ ተቀመጠ። የአይፒ ሥራ እንደ አውቶቡስ ረዳቱ ነው፤ የፖስታውን አድራሻ አንብቦ ወደሚቀጥለው ማሻገር ብቻ። ይደርሳል ብሎ አይምልም፣ በተራ አደርሳለሁ አይልም። ከላይ ቲሲፒ ተቀመጠ፤ እሱ እንደ አባቴ ገጽ ይቆጥራል፣ የጎደለውን ያስልካል። ከቲሲፒ ጎን ደግሞ መቁጠርም መጠበቅም የማያሻውን ለሚልክ ሰው ዩዲፒ የተባለ ቀላል ፕሮቶኮል መጣ። የዩዲፒን ሰነድ በ1980 የጻፈው ራሱ ፖስቴል ነው፤ ርዝመቱ ሦስት ገጽ ነው። በሴፕቴምበር 1981 የአይፒና የቲሲፒ ሰነዶች በእሱ አርታኢነት ወጡ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983) አርፓኔት አሮጌውን ሥርዓት ትቶ ወደ አዲሱ ተሻገረ።

ውጤቱን ሁላችንም እጃችን ላይ ይዘነዋል። አይፒ ከላዩ የሚጫነውን ስለማይመርጥ እነ ፖስቴል ያላሰቡት ሁሉ ተጫነበት፤ በርነርስ ሊ በ1989 ያለመው ድረ ገጽ፣ የቪዲዮ ስብሰባው፣ እኛ ዘንድ በ2013 ዓ.ም. የመጣው ቴሌብር። ከታቹ ያለውንም ስለማይመርጥ በመዳብ ሽቦ፣ በሳተላይት፣ በፋይበር፣ በሞባይል ማማ ያልፋል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም አገልግሎት ሲጀምር ኢሜይላችንን እንደገና መጻፍ አላስፈለገንም። በ2022 የቲሲፒ ሰነድ ተሻሽሎ በአዲስ ሲተካ አይፒን መንካት አላስፈለገም። ድልድዩ ሲለወጥ ደብዳቤው እንዳልተለወጠ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን የዓለም የደረጃዎች ድርጅት የራሱን ንድፍ ያዘጋጅ ነበር፤ በ1984 የወጣው ይህ ንድፍ ሰባት ደርብ አለው። እኔ የኔትወርክ ትምህርት ስማር ሰባቱን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ፊዚካል፣ ዳታ ሊንክ፣ ኔትወርክ፣ ትራንስፖርት፣ ሴሽን፣ ፕረዘንቴሽን፣ አፕሊኬሽን። ዛሬም ብልሽት ስንፈልግ የሦስተኛው ነው፣ የሰባተኛው ነው የምንባባለው በዚሁ ቁጥር ነው። ዓለም የሚሠራበት ግን እነ ፖስቴል እየሞከሩ እያስተካከሉ ያቆሙት ባለ አራት ደርቡ ቤት ነው። ቁም ነገሩ ደርቡ አራት ወይም ሰባት መሆኑ አይደለም፤ ወለልና ጣሪያው በትክክል መለየቱ ነው።

ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። የገባኝ ግን ሥራ ላይ ሳጠፋ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ለቅርንጫፎች የሚያገለግል የክፍያ ፕሮግራም ስንሠራ፣ ፕሮግራሙ ዋናውን ሰርቨር በስሙ እንዲፈልግ ከማድረግ ይልቅ የአይፒ ቁጥሩን በየቦታው ሆዱ ውስጥ ጻፍኩበት። ለዚያን ቀን ፈጠነልኝ። የላይኛውን ደርብ ከታችኛው ጋር በሚስማር መምታቴ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰርቨሩ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛወረ፣ ቁጥሩም ተለወጠ። በአንድ ጠዋት ቅርንጫፎቹ በሙሉ ቆሙ። ጡረታቸውን ሊቀበሉ ከሩቅ የመጡ አዛውንቶች ምርኩዛቸውን ተደግፈው ደጅ ላይ ዋሉ። ሦስት ቀን ሙሉ የራሴን ሚስማር ስነቅል ሰነበትኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው።

ፖስቴል ከደርብ መርህ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ምክርም ትቷል። ስትልክ ለሕጉ ጥብቅ ሁን፣ ስትቀበል ግን የሌላውን ጥቃቅን ስህተት ቻል የሚል ነው። ኔትወርኮቹ ገና ዳዴ በሚሉበት ዘመን ይህ ምክር ብዙ ማሽኖችን አግባብቷል። ዛሬ ያሉ መሐንዲሶች ግን ምክሩን ሲፈትሹት ጉዳትም አግኝተውበታል። ስህተቱ ሁልጊዜ የሚቻልለት ሰው አይታረምም፤ ችላ የተባለው ጉድለት ውሎ አድሮ ልማድ ይሆናል። በ2023 የወጣ አንድ አርኤፍሲ ይህንኑ በዝርዝር አስፍሯል። የአርታኢው ምክር በራሱ መድረክ ተተቸ፤ ሰነዶቹ ለአስተያየት የቀረቡ መባላቸው ለከንቱ አልነበረም።

ወደ ስም ጉዳይ እንምጣ። የኮምፒውተሮቹ ቁጥር ሲበዛ ቁጥራቸውን በቃል መያዝ አልተቻለም። ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው ባልደረባው በ1983 ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ ሥርዓት ነደፈ። በዓመቱ ፖስቴልና ጆይስ ሬይኖልድስ የስሞቹን ጫፍ ሲወስኑ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ገጠማቸው። እያንዳንዱ አገር የራሱ መለያ ይኑረው ከተባለ አገር ማለት ማን ነው? በዓለም ላይ ደም የሚያፋስስ ጥያቄ ካለ ይህ አንዱ ነው። ፖስቴል መልሱን ከራሱ አላወጣም። የዓለም የደረጃዎች ድርጅት ለአገሮች የሰጣቸው ሁለት ሁለት ፊደል ያለው ዝርዝር ነበር፤ እሱን ወሰደ። በ1994 በጻፈው ሰነድም አገር የሆነውንና ያልሆነውን መወሰን የእሱ መሥሪያ ቤት ሥራ አለመሆኑን በግልጽ አስቀመጠ።

ለእኔ የሰውዬው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። ለኮምፒውተር ያስተማረውን ለራሱም አዋለው። ደብተሩ በእጁ ነው፤ ቢፈልግ ይሰጣል፣ ቢፈልግ ይነፍጋል። እሱ ግን የኔ ደርብ መመዝገብ ነው፣ መፍረድ የሌላ ደርብ ነው ብሎ ቆመ። የኢትዮጵያ ሁለት ፊደላት፣ ኢቲ፣ በእሱ መዝገብ የሰፈሩት ጥቅምት 4 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1995) ነው። አገራችን ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው ግን በ1989 ዓ.ም. ነው። ቤቱ ሳይሠራ ቁጥሩ ተሰጥቶ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በኢቲ የሚያልቅ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጽፍ ሁሉ ያ ነጠላ ጫማ የማያወልቅ ሰው ከያዘው መዝገብ አንድ መስመር ይጠቀማል።

ሆኖም ጀግና አድርጌ ብቻ ላሳያችሁ አልፈልግም። በ1990ዎቹ ኢንተርኔት የገንዘብ ምንጭ ሆነ፤ ስም መሸጥ ትልቅ ንግድ ሆነ። ዋናው የስም ዝርዝር በማን እጅ ይሁን የሚለው ክርክር ጦፈ። ጥር 20 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1998) ፖስቴል የዋና ዝርዝሩን ቅጂ ለያዙ ስምንት ሰርቨሮች ኃላፊዎች መልእክት ላከ፤ ከእንግዲህ ዝርዝሩን ከእኔ ማሽን ውሰዱ የሚል ነበር። ስምንቱም ታዘዙ። የሥልጣን ደብዳቤ አልነበረውም፤ የነበረው ለ30 ዓመት ያጠራቀመው አመኔታ ብቻ ነው። ከዋሽንግተን ባለሥልጣናት ቁጣ መጣ። እሱም ሙከራ ነበር ብሎ ወደ ቀድሞው እንዲመለስ አደረገ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሁለት ስሜት ይይዘኛል። በአንድ በኩል አንድም ሰው ጥቅም ፍለጋ አደረገው ብሎ አለመጠርጠሩ ያስደንቀኛል። በሌላ በኩል ደግሞ የዓለም መዝገብ በአንድ ደግ ሰው ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ያስፈራኛል። ደግ ሰው ይሞታል። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ደግ መሆኑን ማን ዋስ ይጠራል? ደርብ የሚሠራው ሰዎች ጥሩ ስለሆኑ ሳይሆን ጥሩ ባይሆኑም ቤቱ እንዳይፈርስ ነው። ፖስቴልም ይህን ሳያውቀው አልቀረም፤ በመጨረሻ ወራቱ የተሯሯጠው መዝገቡን ከእሱ እጅ የሚረከብ ተቋም ለማቆም ነበር። አይካን የተባለው ድርጅት በሴፕቴምበር 1998 ተመሠረተ።

እሱ ግን ሥራውን አላየም። የልብ በሽታ ነበረበት፤ የልቡን ቧንቧ በር ለማስቀየር ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ጥቅምት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1998) በሎስ አንጀለስ ዐረፈ። ገና 55 ዓመቱ ነበር። የስንብት ጽሑፉን የጻፈለት ቪንት ሰርፍ ነው፤ ጽሑፉም ቁጥር ተሰጥቶት ፖስቴል ዕድሜውን ሙሉ ሲያርማቸው ከኖሩት ሰነዶች መካከል ገባ። ለእንዲህ ያለ ሰው ከዚህ የተሻለ ሐውልት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አባቴም ዛሬ በሕይወት የሉም። አግዳሚው ላይ ተራ የሚይዝ ሰው የለም፤ ስልክ መጣ፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት መጣ። እህቴ ግን አሁንም ጉንደ ወይን ናት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በቴሌግራም የጻፍኩላት መልእክት አንዲት ምልክት ይዞ ለወራት ቀረ። አዲስ አበባ ቢሮዬ ተቀምጬ የማውቀውን ሁሉ አሰብኩ። የላይኛው ደርብ ደህና ነው፤ ቲሲፒ መልስ እየጠበቀ ነው፤ አይፒ አድራሻውን ያውቃል። ከታች ግን መንገዱ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ፖስቴል የለያቸው ደርቦች አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያበላሽ ይከላከላሉ፤ ታች ያለው ሲዘጋ ግን ላይ ያለው ምንም ያህል ቢራቀቅ አያድንም። ያንን የሚከላከል ፕሮቶኮል እስካሁን አልተጻፈም፤ እሱ የመሐንዲስ ደርብ አይደለም።

በመጨረሻ መልእክቴን በእናቶቻችን መንገድ ላክሁት። ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ አጠፍኩ፣ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፣ ፊቱ ላይ ይድረስ ብዬ ስሟን አሰፈርኩና ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት። ሰውየው ፖስታውን ገልብጦ አድራሻውን ብቻ አነበበና ኪሱ ከተተው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቀኝም። ገጾቹን ቆጥሬባቸው ነበር፤ ሦስት ናቸው። ከብዙ ሳምንት በኋላ የእህቴ መልስ በሌላ ሰው እጅ ደረሰኝ። የመጀመሪያው መስመር ሦስቱም ገጽ መድረሱን ይናገራል።